አሮጌ ቡፌ ስገዛ መጀመሪያ ጀርባውን ነው የማየው

አሮጌ የእንጨት ዕቃ ለሚወድ ሰው እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ ጥሩ አገር ነው። ባለቤቱ ሲያርፍ ወይም ትልቁን ቤት ሸጦ ወደ አነስተኛ ሲገባ፣ ዕቃው እዚያው ሳሎን ውስጥ ዋጋ ተለጥፎበት ይሸጣል። ከባዱ ቡናማ ዕቃ ደግሞ ዋጋው ከወረደ ቆይቷል። ወጣቶቹ አይፈልጉትም፣ አፓርታማም አይገባላቸውም። ለእኛ ይሄ ሲሳይ ነው።

ቡፌ ስል ሳሎናችን ውስጥ መስታወት ያለውን ረጅሙን ሳይሆን፣ ፈረንጆች መመገቢያ ክፍል ውስጥ ግድግዳ አስጠግተው የሚያስቀምጡትን ዝቅ ያለውን ሳይድቦርድ ነው። አሁን ቤቴ ያለውን ሳገኘው ወረቀቱ ላይ «ሄፕልዋይት፣ 1790 አካባቢ» የሚል ተጽፎበት ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፊት ለፊት ለሚያየው ሰው ወረቀቱ ልክ ይመስላል፦ ስድስት ቀጫጭን እግሮች፣ አራት ማዕዘን ሆነው ወደ ታች እየጠበቡ የሚሄዱ፣ መሃሉ ጎበጥ ያለ ፊት፣ ቀላ ያለ ማሆጋኒ፣ እግሮቹ ላይ በነጣ እንጨት የገባ ቀጭን መስመር።

ጆርጅ ሄፕልዋይት የለንደን የቤት ዕቃ ሠሪ ነበር። የሞተው በ1786 ነው፤ የንድፍ መጽሐፉን በ1788 ያሳተመችው ሚስቱ አሊስ ናት። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ በአርክቴክቱ ሮበርት አዳም ንድፍ፣ ሀብታም ቤት ውስጥ መሃል ላይ ጠረጴዛ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ለብቻቸው የቆሙ ሁለት ሳጥኖች ይደረጉ ነበር። አንዱ ሳህን ማሞቂያ፣ ሌላው መጠጥ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል። በሄፕልዋይት ዘመን ያ ሁሉ ወደ አንድ ዕቃ ገባ። እኔን በጣም የገረመኝ የመሳቢያዎቹ ነገር ነው። በመጽሐፉ መሠረት የቀኙ መሳቢያ ለዘጠኝ ጠርሙስ ይከፈላል። የግራው ለሁለት ይከፈልና የኋላው ክፍል ለብር ዕቃ አረንጓዴ ጨርቅ ይለብሳል፣ የፊተኛው ደግሞ ውስጡ የእርሳስ ብረት ተለብጦ ውኃ ይይዛል። ብርጭቆ የሚታጠብበት ነው! እንግዳው ሳይነሳ አስተናጋጁ እዚያው አለቅልቆ መልሶ ይቀዳል ማለት ነው።

እና ያንን ቡፌ መሳቢያውን አውጥቼ ገለበጥኩት። የጣውላዎቹ መጋጠሚያ፣ ያ የርግብ ጭራ የሚባለው፣ ሁሉም ጥርሶቹ እኩል፣ ርቀታቸውም እኩል፤ የማሽን ሥራ ነው። በእጅ የተቆረጠ ቢሆን አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ ይል ነበር፣ የመስመሪያው ጭረትም ብዙ ጊዜ ይታያል። ከዚያ ከግድግዳው አላቅቄ ጀርባውን በባትሪ በጎን አበራሁበት። ቅስት ቅስት የሆነ የመጋዝ ምልክት አለው። ይሄ የክብ መጋዝ ነው፣ እሱ ደግሞ በሰፊው የመጣው ከ1830 ወዲህ ነው። አንድ ብሎን ፈታሁ፣ ጫፉ ሹል። ከ1840ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ብሎን ጫፉ ደንዳና ነው። እርግጥ ብሎን ሊቀየር ይችላል፣ ጀርባም ሊቀየር ይችላል፣ ግን ሦስቱም አንድ ነገር ሲናገሩ ማመን ነው።

ስለዚህ ቅርጹ የ1790 ነው፣ ዕቃው ግን በእኔ ግምት የ1920ዎቹ አካባቢ። አሜሪካኖች ከ1876ቱ የነጻነት መቶኛ ዓመት በዓላቸው በኋላ የአያቶቻቸውን ዕቃ ቅርጽ መልሰው በብዛት አሠርተዋል። ለሻጯ በትሕትና አሳየኋት፣ ዋጋውን ቀነሰችልኝ፣ ገዛሁት። ቅጂ ነው ብዬ አልናቅኩትም፤ እንጨቱም እጁም ዛሬ ከሚሸጠው ቺፑድ ጋር አይገናኝም።

ሌሎቹን ስታይሎች እኔ የምለየው መጀመሪያ በእግራቸው ነው። እግሩ ክብ ሆኖ ከላይ ወደ ታች ሸንተረር ካለው፣ በሌላው እንግሊዛዊ ንድፍ አውጪ በቶማስ ሸራተን ስም የሚጠራው ሸራተን ነው፤ አንዳንዱ ከኋላው ሳህን ማስደገፊያ የነሐስ ዘንግ አለው። ዓምድ ያለው፣ የአንበሳ መዳፍ የመሰለ እግር ያለው፣ መሬት ላይ ድፍን ብሎ የተቀመጠው ኢምፓየር ነው፣ 1815 እስከ 1840 ገደማ። መስታወት ተሸክሞ ፍራፍሬና የታደነ አውሬ የተቀረጸበት ቪክቶሪያን ነው፤ እሱን እኔ አልወደውም፣ አቧራ ማጠራቀሚያ ነው። ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው የኦክ እንጨት በ1900ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት የአሜሪካ የቤት ዕቃ ሠሪዎች፣ የነጉስታቭ ስቲክሊ ዘመን ነው። ዝቅ ብሎ ረጅም፣ ተንሸራታች በር ያለው የቲክ እንጨት ደግሞ የ1950ዎቹና 60ዎቹ የዴንማርክ ሥራ ነው፤ አሁን ውድ የሆነው እሱ ነው።

ወደ ጥገናው ስገባ መጀመሪያ የፈተንኩት ቅቡን ነው። ከማይታይ ቦታ ጥጥ በአልኮል ነክሬ ነካሁት። ተጣበቀ፣ ለሰለሰ፤ ሼላክ ነው፣ ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራው፣ በአልኮል የሚሟሟው የድሮ ቅብ። ይሄ ደስ የሚል ዜና ነው፣ ሼላክ ሳይላጥ ይታደሳል። ብርጭቆ ወረቀት ግን አልነካሁትም። ላዩ ላይ ያለው ማሆጋኒ ስስ ልባስ ነው፣ ትንሽ ከፈተጉት የታችኛው እንጨት ብቅ ይላል፣ መመለሻም የለውም።

አናቱ ላይ ልባሱ አብጦ ነበር፤ በጣት ሲነካ ኳ ኳ የሚል ባዶ ድምፅ አለው። የድሮ ኮላ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ስለሚሠራ በሙቀትና በእርጥበት መልሶ ይለሰልሳል። እርጥብ ጨርቅ አነጠፍኩበት፣ መካከለኛ ሙቀት ያለው ካውያ ጥቂት ሰከንድ ያዝኩበት፣ ወዲያው ጠፍጣፋ ጣውላና ከባድ ነገር ጭኜበት አሳደርኩት። ያዘ። ካውያው ሼላኩን ነጭ ስለሚያደርገው ቅቡ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው፦ ሼላኩን በአልኮል አቅጥኖ፣ ጥጥ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በስሱ ደጋግሞ ማሸት። እየደረቀ ሲሄድ የማሆጋኒው ጅማት ከታች እየበራ ይወጣል።

ለምታመጡት ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከቤት ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡት። በአሜሪካ የብርድ ወራት አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይሰበሰባል፣ ልባሱም ይሰነጠቃል። እኔ የኔን ፀሐይ የማይመታው የውስጠኛው ግድግዳ ላይ ነው ያደረግኩት።