«ሆዱስ እንዴት ነው?»

ስለት ስሳል «ከሰማኸኝ በአደባባይ እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር። ዛሬ ቃሌን ልፈጽም።

ልጄ 11 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ፣ ሰንበት ብሎ ደግሞ የግራ ቁርጭምጭሚቱ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ግድግዳ ይዞ ነው የሚራመደው። የቶንሲል መዘዝ ነው፣ ልቡን እንዳይነካው ተብሎ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ተጀመረለት። ለሕመሙ አይቡፕሮፌን እሰጠዋለሁ። ሆዱን ሲቆርጠውና ሲያስቀምጠው ደግሞ አሜባ ነው ብዬ የአሜባ መድኃኒት። ከስቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ እያየሁ እንኳ ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። ጉልበት የት፣ አንጀት የት!

ጸበል ወሰድኩት። ሌሊት ሌሊት እያለቀስኩ ቅዱስ ገብርኤልን ስማጸን «ማርልኝ» ማለቱ ሁሉ ጠፍቶኝ «ምን እንደያዘው ብቻ ግለጥልኝ፣ ልጄን ይዤ ቁልቢ እመጣለሁ» ነበር የምለው።

በሳምንቱ ሌላ ሐኪም ጋ ገባን። ወጣት ናት። ጉልበቱን ዳስሳ ስትጨርስ ቀና ብላ «ሆዱስ እንዴት ነው?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሰገራው ደም አለው ወይ ስትል እኔ «የለውም» ልል አፌን ስከፍት ልጄ መሬት መሬት እያየ «አለው» አለ። ለወራት አፍሮ ደብቆኝ ኖሯል።

አንጀቱ በካሜራ ታየ፣ ናሙና ተወሰደ፣ የአንጀት ቲቢ አለመሆኑም ተጣራ። ክሮንስ የሚባል በሽታ ነው። ሰውነት የገዛ አንጀቱን ሲዋጋ መገጣጠሚያንም ይነካል፣ አንዳንድ ልጅ ላይ እንዲያውም ጉልበት ከሆድ ቀድሞ ያብጣል ብላ አስረዳችኝ። አይቡፕሮፌኑ ደግሞ አንጀቱን ሊያባብስበት ይችላል። በገዛ እጄ ስሰጠው መክረሜ አንገበገበኝ።

ሕክምናው ፕሬድኒሶሎን በሚባል ቁስለቱን በሚያበርድ መድኃኒት ተጀመረ፣ እሱ ቀስ እያለ ተቀነሰ፣ አሁን በሳምንት አንዴ ሜቶትሬክሴት የሚባለውን፣ ሰውነቱ አንጀቱን እንዳይዋጋ የሚያረግበውን መድኃኒት፣ ፎሊክ አሲድ ከተባለው ቫይታሚን ጋር ይወስዳል። አንጀቱ ሲረጋ የጉልበቱም እብጠት አብሮ ጎደለ። መድኃኒቱን አላቆምንም፣ ደሙም በየጊዜው ይመረመራል። እኔ ይህንንም ከጸሎቴ መልስ ነው የምቆጥረው።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ነበርን። ዳገቱ ላይ ልደግፈው እጄን ስዘረጋ «ተይ እማዬ» ብሎ የስለቱን ጥላ ተቀበለኝና በሕዝቡ መሃል ቀድሞኝ ወጣ።