የእናቴን ገንዘብ ከ«ነጻ ሕክምና» ሻጮች እንዴት እንዳስመለስሁ

ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው እናት ወይም አባት ደሴ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ ለእናቴ ገንዘብ ስሯሯጥ ቀድሞ የመከረኝ ሰው አልነበረም፤ ሕጉንም ያወቅሁት ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተትሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት አዳራሽ ተከራይቶ «ነጻ የጤና ምርመራና ማሸት» እያለ የሰፈራችንን እናቶች ጠራ። እናቴ ጠዋት ጠዋት እየሄደች በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ፍራሽ ላይ ትተኛ ጀመር። ጥቂት ቆይታ ፍራሹን በ48,000 ብር ለመግዛት ተስማማች፤ ለቤቷ ጣሪያ ቆርቆሮ ካጠራቀመችው ላይም 20,000 ብር ከፈለች። ቀሪውን በየወሩ ልትከፍል ነበር።

ይህን የሰማ ሁሉ «እንዴት ተታለለች?» ይለኛል። ጥያቄው ያናድደኛል፤ እናቴ ሞኝ አይደለችም። ሰኞ ገበያ ወርዳ በርበሬ ስትገዛ ነጋዴው «ወላሂ ትርፍ የለውም» ቢላት ስቃ ዋጋውን በግማሽ ትጥለዋለች። እሱ እየሸጠ መሆኑን ያውቃል፤ እሷም እየገዛች መሆኑን ታውቃለች። አዳራሹ ውስጥ ግን የሚሸጥ ነገር መኖሩን ማንም አልነገራትም። ጥሪው በፖስተር ወይም በሬዲዮ አልመጣም፤ የመጣው በቅሬያችን (በዕድራችን) ጸሐፊ አፍ ነው። ለጸሐፊዋ ፍራሽ በነጻ እንደተሰጣት ያወቅነው ዘግይተን ነው። ለቅሶ ላይ አብራን የምትቀመጥ ሴት «ኑ» ስትል ማን እምቢ ይላል?

በር ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ይቀበላቸዋል። ሐኪም አይደለም፤ ሐኪም ነኝም አይልም፤ ጋዋኑ ይልለታል። ጎንበስ ብሎ ጉልበት ይስማል፤ «አብሽሪ እናቴ» ይላል። ሻይና ዳቦ ይቀርባል። ወሬ በሚመስል ጨዋታ የልጆቻቸውን ስም፣ ማን ጂዳ እንዳለ፣ ማን ገንዘብ እንደሚልክ ይጠይቃል፤ ማታ ይመዘግበዋል። በማግሥቱ «ጂዳ ያለችው ልጅሽ ደወለች?» ይላታል። ፊት ወንበር ላይ «እኔ በዱላ ነበር የምሄደው» እያሉ የሚመሰክሩ ሁለት ሴቶች አሉ። ስለ ዋጋ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔም «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ብቻ ነው» ይባላል። ያን ሁሉ ሻይ ጠጥታ፣ በነጻ ታሽታ፣ «ልጄ» ስትለው የሰነበተችውን ልጅ «አልገዛም» ማለት ለእናቴ ነውር ነበር። ያሸነፋት ይሉኝታ ነው፤ እነሱም የሚሠሩት በይሉኝታ ነው።

ጎረቤቶቻችን «መተት አድርገውባት ነው» አሉ። አሜሪካም ተመሳሳይ ፍርሃት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1957 ጄምስ ቪካሪ የተባለ የገበያ ጥናት ባለሙያ በአንድ ሲኒማ ቤት ፊልሙ መሐል «ፈንድሻ ብሉ፣ ኮካ ኮላ ጠጡ» የሚል ጽሑፍ ለአንድ ሰከንድ 1/3000ኛ ያህል ብቻ ብልጭ በማድረግ፣ ተመልካቹ ሳያውቀው ሽያጩን ከፍ እንዳደረገ ተናገረ። አገሩ ተሸበረ። በ1962 ግን ራሱ ቪካሪ ነገሩ ዋጋ የሌለው እንደነበረ አመነ። የሚሠራው ዘዴ ከዚያ በጣም ቀላል ነው። በ1971 ዴኒስ ሪገን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ሰው ለሌላው ሳይጠየቅ ኮካ ኮላ ገዝቶ እንዲሰጠው አደረገ፤ ቆይቶ ያው ሰው የሎተሪ ቲኬት እንዲገዛለት ጠየቀው። ኮካ ኮላውን የተቀበሉት ካልተቀበሉት እጥፍ ያህል ቲኬት ገዙ፤ የሰጣቸውን ሰው ባይወዱትም እንኳ ገዙለት። በአዳራሹ ውስጥ ሻዩ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ለእናቴ ይህን ስነግራት «እንግዲያ መተት አልነበረም» ብላ ቀለል አላት። መተት ነው ካላችሁ ሰውየውን በሕግ መጠየቅ አይቻልም፤ የሽያጭ ዘዴ ነው ካላችሁ ግን ይቻላል።

ፍራሹ ቤት ከገባ በኋላ የእናቴ ጉልበት ጭራሽ አበጠ። ደውላ ስትነግራቸው «ሕመሙ ሲብስ መዳን ጀመረ ማለት ነው፤ ሃያ አንዱን የሙከራ ቀን ጨርሺ» አሏት። እኔ የደረስሁት እዚህ ላይ ነው።

ወረቀት ማሰባሰቡ ቀላል ነበር። ከባንክ የሒሳብ መግለጫ አወጣን፤ ገንዘቡ የገባው በድርጅቱ ሒሳብ ሳይሆን በግለሰብ ስም ነበር። የሰጧትን ካርድ ከፊትና ከጀርባ ፎቶ አነሣሁ። ማመልከቻ ጻፍሁ፣ እናቴ ፈረመች።

ያቃጠለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል።

ንግድን የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ማመልከቻውን ግማሽ ድረስ አነበበና «ይህ ሕክምና ነው፤ ጤና ይሂድ» አለ። እናቴን ይዤ ጤናው ዘንድ ሄድሁ። እዚያ «መርፌም ክኒንም አልሰጡ፤ ዕቃ ነው የሸጡት፤ ንግድ ይሂድ» አሉን። ደረጃውን በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ወጥታ ወረደች። ተመልሰን ስንመጣ ባለሙያው ስብሰባ ገብቷል። ሌላ ቀን ስናገኘው ደግሞ «ደረሰኝ አምጡ» አለን። ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ያለበት ነጋዴው ነው። ነጋዴው ግዴታውን ስላልተወጣ ገዢዋ መብቷን ታጣለች ማለት ምን ማለት ነው? የባንኩን ወረቀት አሳየሁት። «ይህ ገንዘብ መላክሽን እንጂ መግዛትሽን አያሳይም» ብሎ ለእናቴ መለሰላት። እሷ አንገቷን ደፋች፤ ጥፋተኛዋ እሷ የሆነች ያህል።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀጥሎ የመጣው ምክር ነው፦ «የሙከራ ጊዜው ስላላለቀ መጀመሪያ ከድርጅቱ ጋር ተስማሙ፤ ሃያ አንዱ ቀን ሲሞላ ካልተስማማችሁ ኑ።» የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት በ15 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሻጩ ሃያ አንድ ቀን «ሙከራ» ብሎ ሲሰጥ ቸርነት ይመስላል፤ ሃያ አንዱን ቀን በትዕግሥት የጠበቀች እናት ግን ስትመጣ አሥራ አምስቱ አልፏል። የመንግሥት ባለሙያ ይህንኑ ወጥመድ በራሱ አፍ ሲያጠብቅ በሰማሁ ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ። ያኔ አሥራ አምስቱ ቀን ገና አልሞላም ነበር።

ባለሙያውን ትቼ መዝገብ ቤት ገባሁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ሰጠሁ፤ በእኔው ቅጂ ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማህተም እንዲያሰፍሩልኝ ጠየቅሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ያለ አንድ ጥያቄ አሰፈረችልኝ፤ እግዜር ይስጣት። ከዚያ በኋላ «አልመጣችሁም» ሊለን የሚችል ሰው የለም። የማመልከቻውን ቅጂ ለድርጅቱም ሰጥቼ አስፈረምሁ።

ከዚያ ካርዱን ይዤ ወደ ኃላፊው ገባሁ። ማንም ልብ ያላለው ነገር ጀርባው ላይ ነበር፦ «ፍራሽ ገዝተው ሦስት ሰው ለሚያመጡ 2,000 ብር ስጦታ።» ያው አዋጅ፣ ዕቃ የገዛ ሰው ሌሎች ገዢዎችን ሲያመጣ ሽልማት ያገኛል እያሉ መሸጥን ይከለክላል። አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይከለክላል። ኃላፊው ካርዱን ደጋግሞ ገለባበጠውና ስልኩን አነሣ።

ወጣቱ መጣ፤ ያለ ጋዋን። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ የእናቴን ጉልበት ሊስም ሲል እግሯን ሰበሰበች። «ልጄ፣ መጀመሪያ ብሬን» አለችው። እኔ የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ትቼ ዝም አልሁ። ፍራሹን በትንሽ የማሸት መሣሪያ ሊለውጥላት ለመናት፤ «አልፈልግም» አለች። እናቴ ሰው ፊት፣ ቢሮ ውስጥ፣ ያን ያህል ጊዜ ሻይ ያጠጣትን ሰው «አልፈልግም» ስትል ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። 18,500 ብር በባንክ ተመለሰላት። 1,500ውን «የማጓጓዣ» ብለው አስቀሩት።

ተመሳሳይ ነገር ለገጠማችሁ የምመክረው ይህን ነው። ቢሮዎች «መጀመሪያ ከሻጩ ጋር ተነጋገሩ» ይላሉ፤ አትስሟቸው። መጀመሪያ ጽፋችሁ ማህተም አስደርጉ፤ ድርድር ከዚያ በኋላ ይደረሳል። ድርድሩም በእነሱ አዳራሽ አይሁን፤ እዚያ ሻይ አለ፣ መስካሪዎቹ አሉ። ገንዘብ በግለሰብ ሒሳብ አስገቡ የሚል ድርጅት ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልጋችሁም፤ ውጡ። እናታችሁን «ተሸወድሽ» አትበሏት፤ ሻጩን ትታ ከእናንተ ጋር ትከራከራለች። እኔ የጠየቅኋት «ዋጋውን የነገሩሽ በስንተኛው ቀን ነው?» ብዬ ብቻ ነው። ቆጥራ ቆጥራ ራሷ ደረሰችበት። ጉልበቷንም ሐኪም ዘንድ አሳዩት፤ እኛ ወደ ሆስፒታል የወሰድናት ቢሮውን እንደጨረስን ነው፤ መድኃኒት ታዞላት አሁን እብጠቱ ቀንሷል።

ቅሬያችን ተሰብስቦ በቅሬው ስም ማንም ድርጅት ሰው እንዳይጠራ ወስኗል። ጸሐፊዋም ፍራሹን መልሳለች፤ ይህን ማድረግ ለእሷ ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ። ስለ 1,500 ብሩና እናቴን «መግዛትሽን አያሳይም» ስላላት ባለሙያ ሁለተኛ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ የገቢ ቁጥሩ በእጄ ነው፤ መልስ ግን እስካሁን አልተሰጠኝም።