እንጅባራ፣ ጥር 23

የአገው ፈረሰኞችን በዓል ፎቶ ላነሳ ነው የሄድኩት። ከባሕር ዳር እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ከታሪፉ እጥፍ ጠየቀን። «በዓል ነው» አለ፣ በዓሉ ለእሱ የተደገሰ ይመስል። ተጨቃጨቅን፤ ከፈልን። ዳንግላን በእንቅልፍ ነው ያለፍኩት። የማወራችሁ መንገዱ ያለ ሐሳብ ይኬድበት ስለነበረ ዓመት ነው።

አልጋው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። በስልክ 300 ብር ያለኝ ሰውዬ ስደርስ 700 አለ። በሩ በደንብ አይዘጋም። ብርድ ልብሱ አንድ ብቻ፣ ቁንጫው ግን ሞልቷል። ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ናትና የጥር ሌሊቷ አያስተኛም። ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ የካሜራ ቦርሳዬን ታቅፌ አደርኩ።

ቀደም ብሎ እራት የበላሁበት ቤት ግን ክሶኛል። ደጁ ላይ ፈረሶች ታስረዋል። ውስጥ ዲኤስቲቪ ተከፍቶ የአርሴናል ጨዋታ ይታያል። ጋቢ የለበሰ፣ አለንጋውን ከእጁ ያላወረደ ሰውዬ ዳኛውን ይራገማል። ፎቶ ላነሳው ስል ጎል ገባና ቤቱ ተገለባበጠ።

እኔ የኳስ ጨዋታ ፎቶ አንሺ ነኝ። ኑሮዬ ከጎል ጀርባ ነው። የሰፈራችን ሜዳ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ቆይቷል፤ እኔም ጓደኞቼም ስፖርት የምንለው ተቀምጠን የምናየውን ነው። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ሜዳው ላይ የጠበቅኩት ተጫዋች በአንድ በኩል፣ ተመልካች በሌላ በኩል ነበር። እንደዚያ አይደለም። ፈረሰኛው ከየአካባቢው እየጨፈረ ይገባል። አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም ፈረስ ላይ ነው። ፈረሱ ከባለቤቱ ይበልጥ ለብሷል፤ ባለቀለም ግላስ፣ የተጌጠ ልጓም፣ አንገቱ ላይ ጥልፍ።

የአገው ፈረሰኞች ማህበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። አድዋ ለዘመቱት አርበኞችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን ተብሎ ነው ይላሉ። ድሉ የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነበር፤ ይህም በዓል በጊዮርጊስ ዕለት ይውላል። ሰው ሐውልት ይሠራል። ለፈረስ ማህበር ያቋቋመ ሕዝብ ግን እኔ ሌላ አላውቅም።

ጉግሱን ለማንሳት ሌንስ ብቻ አይበቃም። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ያባርራል። የሚሸሸው ወደ ኋላ ሳያይ ጋሻውን ጀርባው ላይ ያዞራል። ዘንጉ መቼ እንደሚወረወር የምታውቀው ከሰውየው እጅ አይደለም፤ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያጥፍ ነው። ይህን የነገሩኝ ከጎኔ የቆሙ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ሰውየውን ተወው፤ ፈረሱን እይ።»

«እርስዎ አይጋልቡም አባባ?»

«ጠዋት ጋልቤያለሁ። አሁን የሚጋልበው የልጄ ልጅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ከበፊቱ ተሻለ። አቧራው ሌንሴን ጨረሰው እንጂ።

እሳቸው ናቸው ቤታቸው የወሰዱኝም። ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ነው። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ ከጎኑ ጠላ ቀረበልኝ። ፈረሱ ከበዓል በኋላ ሞፈር ይጎትታል፤ እንጅባራ ባለችበት በአዊ ዞን በፈረስ ማረስ የተለመደ ነው። ሰው ሲሞት ፈረሰኛው ያጅባል፣ ሙሽራም ያጅባል አሉኝ። የተጣላ ካለ ከበዓሉ በፊት ይታረቃል፤ ተኮራርፎ ጉግስ የሚጫወት ያስፈራላ። የፈረሳቸውን ስም ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ፣ ጎረቤቱም በዚያው ይጠራቸዋል። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ የምንለው በዚሁ ልማድ ነው። ይህን በትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ ሰው በፈረሱ ስም ሲጠራ በጆሮዬ ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

አዲስ አበባ ሰው ፎቶ ሳነሳ «ፊቴ አብጧል፣ አጥፋው» ይሉኛል። እዚህ ስለ ፊቱ የጠየቀኝ የለም። «ፈረሱ ወጣ?» ነው ጥያቄው። ስክሪኑን ተሰብስበው ያያሉ፣ በአገውኛ እየተሳሳቁ ይከራከራሉ። የሚከራከሩት ስለ አንገቱ አቀራረብ፣ ስለ እግሩ አነሳስ ነው። ስለ ብርሃኑ የተናገረ አንድም ሰው የለም። እኔ ደግሞ በዚያ ብርሃን ስኮራ ነው የዋልኩት።

ስመለስ አውቶቡሱ በታሪፉ አስከፈለኝ። ያን ቀን ረዳቱን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ፎቶዎቹን በልጅ ልጃቸው ቴሌግራም ላክሁላቸው። የሽማግሌው መልስ በድምፅ መጣ፦ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። የፈረሱን ጅራት ግን ለምን ቆረጥከው?» ሌላ ፎቶ ነበረኝ። ጅራቱ ሙሉ ነው፣ የእሳቸው ፊት ግን ደብዝዟል። እሱን ላክሁት። አሳጥበው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።