ርቀቱን ለፍጥነት አካፍዬ ትኬት ቆረጥኩ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ለስብሰባዬ በሰዓቱ እደርስ ስለነበር ነው።

ጉዞዬ ከሎስ አንጀለስ ወደ ቶኪዮ፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ሳፖሮ ነበር። ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ ሆቴሉ ያለችግር አለቀ። ጣጣው የመጣው ከሰዓት ስሌቱ ነው።

የሎስ አንጀለስንና የቶኪዮን የአየር ርቀት ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ፤ 8,800 ኪሎ ሜትር ገደማ። አውሮፕላን በሰዓት 900 ይበራል ብዬ አካፈልኩ፤ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ መጣልኝ። ወሩ ጥር ነበር፤ ያኔ ቶኪዮ ሎስ አንጀለስን በ17 ሰዓት ትቀድማለች። ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ብነሳ፣ እሁድ 9 ሰዓት ሳይሞላ እገባለሁ ማለት ነው።

የሳፖሮውን ትኬት በቅናሽ ስላገኘሁት ቀድሜ ቆረጥኩ፤ እሁድ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል። ዋናውን ትኬት ስገዛ ያየሁት የመነሻ ሰዓቱን ብቻ ነው። የመድረሻው ሰዓት እዚያው ከጎኑ ተጽፏል! ራሴ አስልቼዋለሁ ብዬ ዓይኔን እንኳ አላሳረፍኩበትም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከተነሳን ስድስት ሰዓት ሲሆን ፊቴ ያለውን ስክሪን ከፈትኩ። የመሬት ፍጥነት፣ ማለትም አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር የሚጓዝበት፣ በሰዓት 750 ኪሎ ሜትር። የፊት ንፋስ 140። ቀሪ ጊዜ ከአምስት ሰዓት በላይ። ሦስቴ አጥፍቼ ከፈትኩት፤ ቁጥሩ ያው ነው።

ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ንፋስ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። እንደ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ደግሞ ይብሳል። እኛ ወደ ምዕራብ፣ ንፋሱን ፊት ለፊት እየገጠምን ነበር የምንበረው። በዚያ ላይ ትኬት ላይ ያለው የጉዞ ጊዜ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚንፏቀቅበትንም ይጨምራል። 8,800ን ለ900 ማካፈል ይህን ሁሉ አያውቅም።

የቶኪዮው አውሮፕላን ማረፊያ ሃኔዳ 11 ሰዓት ላይ አረፍን። ኢሚግሬሽን ጋ ሰልፉ በገመድ ተጠማዞ ተጠማዞ አያልቅም። ከዚያ ሻንጣ። ከዚያ ጉምሩክ። ከዚያ ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል የሚወስደው አውቶቡስ። እየሮጥኩ መስኮቱ ጋ ስደርስ 12 ሰዓት ከ20 ሆኗል።

«ተዘግቷል» አለችኝ ሠራተኛዋ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ።

ከሎስ አንጀለስ መምጣቴን ነገርኳት። «ትኬቶቹ ለየብቻ የተቆረጡ ናቸው። ያኛው እኛን አይመለከተንም።» ደንቡ ልክ ነው፤ አሁን ይገባኛል። ግን ሰው ላብ በላብ ሆኖ ፊትሽ ሲቆም አንዴ ቀና ማለት ምን ይጎዳል? አዲስ ትኬት በሙሉ ዋጋ ገዝቼ ወንበር ላይ አደርኩ። ሰኞ ስደርስ ስብሰባው አልቆ ነበር።

እኔን ከሰማችሁኝ፣ የርቀት ማስያውን ተዉትና የበረራ ሰሌዳ እዩ። የመድረሻ ሰዓቱ ጎን «+1» ካለ በማግስቱ ነው የምትገቡት። ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ቁረጡ፤ ቢወደድም። አንዱ ዘግይቶ ሌላው ቢያመልጣችሁ በሌላ በረራ የሚልካችሁ አየር መንገዱ ነው። ለኮኔክሽን፣ ማለትም ከአንዱ በረራ ወደ ሌላው ለመዛወር፣ ይበቃል ተብሎ የሚነገረውን አጭር ሰዓት እኔ አላምንበትም። ትኬቱ ለየብቻ ከሆነ አምስት ሰዓት ያዙ፤ ለጠዋት ስብሰባ ደግሞ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

ስመለስ ያው ንፋስ ከኋላ ገፋን፤ አሥር ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ቅዳሜ ማታ ከቶኪዮ ተነስቼ፣ እዚያው ቅዳሜ ጠዋት ሎስ አንጀለስ ገባሁ። እሱን ግን ከትኬቱ ላይ አንብቤ አውቄው ነበር።