በዘመነ ዮሐንስ የዋዜማ ራት ማስያዝ

ይሄን ነገር ካልጻፍኩት አይወጣልኝም። 2012 ገና ላይ ነው፣ ላሊበላ። ያኔ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት የላሊበላውን ሥራ የምሠራው እኔ ነበርኩ፣ ኦፕሬሽን በሉት። አዲስ አበባ ያለው ቢሮ በረራውን፣ አልጋውን፣ መኪናውን ይይዛል፣ ለምግቡ ደግሞ ቫውቸር ይልካል፣ እኔ ቫውቸሩ ላይ የተጻፈው ነገር እውነት ሆኖ ጠረጴዛ ላይ እንዲደርስ አደርጋለሁ። ሰው ይሄን ሥራ ሲያየው ስልክ መደወል ብቻ ይመስለዋል። ተራራው ላይ ያለው አሸተን ማርያም ወጥቶ የወረደ ሽማግሌ ቱሪስት ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ምሳውን ከተማው ማዶ ካስያዝክለት ቀኑን አበላሸህበት። ከከተማው ራቅ ብሎ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ ደግሞ ምሳው ጠዋት ተቋጥሮ መኪና ላይ ካልተጫነ እዚያ ሄዶ ሬስቶራንት አያገኝም። መብራት ሲሄድ ጋዝ ያለው ኪችን የትኛው ነው፣ ጄኔሬተሩ የሚሠራው የማን ነው፣ የጾምና የፍስክ መጥበሻ የሚለየው ማን ነው፣ የትኛው በረንዳ ነው ነፋስ የሚበዛው፣ ይሄን ሁሉ በልብህ ይዘህ ነው የምትደውለው።

ግሩፑ 14 ሰው ነው፣ ከፈረንሳይና ከስዊዘርላንድ፣ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ቫውቸሩ በኢሜይል መጣ፦ «ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ፣ ራት 1 ሰዓት፣ ሰንሴት ቴብል፣ ላዛኛና የበግ ጥብስ።» ቦታው አንድ ትልቅ ሆቴል ነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ፣ ስሙን አልጠራም።

በዚህ ሥራ ያለ ሰው ገና ሲያነበው ገብቶታል። 2012 ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ የ2011 ጳጉሜ 6 ስለነበረች ገና የሚውለው 28 ነው፣ ዋዜማው 27። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ቦታዋን አትለቅም፣ በእኛ ግን በየአራት ዓመቱ አንዴ ከ29 ወደ 28 ትመጣለች። ቢሮው የአምናውን ፋይል ኮፒ አድርጎ የግሩፑን ስም ብቻ ቀይሮ ነው የላከው። ግሩፑ ደግሞ 28 ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚመለስበት ትኬት ተቆርጦለታል። ስለዚህ በወረቀቱ ብንሄድ ሰዎቹ ዋዜማ ማታ ራት የላቸውም፣ ራቱ የሚጠብቃቸው እነሱ አዲስ አበባ አልጋቸው ላይ በሆኑበት ማታ ነው።

ሰንሴቱ ደግሞ አለ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትገባው ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፣ 1 ሰዓት ላይ አፋፉ ላይ ተቀምጠህ የምታየው ጨለማ ነው። ብርዱስ? ከተማው እኮ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ማታ በረንዳ ላይ 14 አሮጊትና ሽማግሌ አስቀምጠህ በግ ጥብስ እስኪመጣ ጠብቁ አይባልም። በጉም ራሱ ከየት ይመጣል? ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው፣ ሥጋ ቤቱ ዘግቷል፣ ያለው ፍሪዘር ውስጥ የከረመ ነው፣ መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ከሙስሊም ወንድሞቻችን ሥጋ አምጣ አይባልም፣ ወሎ ሰርጉም ለቅሶውም አብሮ ነው፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው፣ ይሄን ለወሎ ሰው አላስረዳም።

ግን ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ደወልኩለት ለቢሯችን ማናጀር።

«ጋሼ ቀኑ ተሳስቷል፣ ዋዜማው 27 ነው» አልኩት።

«ገና 29 አይደለም እንዴ? ዋዜማው 28 ነው፣ ምን ነካህ?»

«ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው።»

ዝም አለ። ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል። «እሺ ቀኑን እኔ አስተካክላለሁ፣ ሌላውን ግን እንዳትነካ፣ ክላየንቱ ያዘዘው ነው።»

«ክላየንቱ ራሱ ነው የበግ ጥብስ ያለው?»

«ፓኬጁ ላይ አለ አልኩህ እኮ።»

«ጋሼ፣ የዋዜማ ማታ ማን ነው የሚያበስለው?»

«ምን ማለት ነው?»

«27 ማታ ኪችን የሚገባው ማን ነው ነው የምልህ።»

«ሆቴሉ ነዋ!»

ይቺ «ሆቴሉ ነዋ» እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ሆቴል እኮ አያበስልም፣ የሚያበስለው ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ላሊበላ ውስጥ በገና ዋዜማ ማታ የት እንዳለ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ከየአገሩ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣ ምእመን ቅጥሩን ሞልቶት፣ ካህናቱ ሌሊቱን ሙሉ በማሕሌት ቆመው፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ወጥ ሠሪ ኪችን ውስጥ ላዛኛ ስትጋግር ታድራለች ብሎ ማሰብ አገሩን አለማወቅ ነው። ሆቴሉ እሺ ብሎ ተቀብሏል አዎ፣ በገና ሳምንት እሺ የማይል ሆቴል የለም፣ ኮሚሽኑም ለማን እንደሚደርስ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እዚህ ውስጥ አልገባም።

እኔ ያደረግኩት ምንድነው፣ እትዬ ጋ ሄድኩ። እትዬ እያልን ነው የምንጠራት፣ ትንሽ ምግብ ቤት አላት፣ ከቤተ ክርስቲያኖቹ በእግር ቅርብ ናት፣ የሚወጣ ደረጃ የላትም፣ በስተምዕራብ ክፍት የሆነች በረንዳ አለቻት። ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ሽሮዋን እያማሰለች ሰማችኝና «በ11 ሰዓት ካመጣህልኝ አበላቸዋለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው። ከ1 ሰዓት በኋላ ግን እኔ የማርያም ነኝ ልጄ፣ ንጉሥም ቢመጣ አልገኝም» አለችኝ። በቃ፣ እኔ የምፈልገው ይሄን ነው። እስከ ስንት ሰዓት እንዳለች፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሌለች የምትነግርህ ሰው ናት የምትታመነው፣ ሁሌም አለሁ የሚልህን ግን ፍራው።

ሜኑውን ተቀምጠን አወጣን። በያይነቱ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮ፣ እንጀራ ለማይሆናቸው ፓስታ በአትክልት፣ መጨረሻ ላይ ድፎ ዳቦ በላስታ ማር። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፣ እትዬ ዲግሪ ምናምን አትልም፣ «የኛ አገር ውሃ ይፈላል እንጂ አያበስልም፣ ባቄላው ከማታ ካልተዘፈዘፈ እንግዳ ፊት ያዋርዳል» ነው የምትለው፣ ያው ነው ነገሩ።

ቢሮው ግን አልፈቀደም። ቀኑን አስተካክለው ያንኑ ቫውቸር መልሰው ላኩት፣ ሰዓቱ 1 ሰዓት፣ ጠረጴዛው ሰንሴት። ቅድሚያ ክፍያም ተከፍሏል አሉኝ።

ግሩፑ ደረሰ። ከመካከላቸው አንዲት ሴትዮ ነበሩ፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ፕሮግራሙን ሳስረዳ የሚጽፉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በኋላ ብቻቸውን መጡና ቫውቸሩን ላየው ብለው ጠየቁኝ፣ አሳየኋቸው። ለካ ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኩርሸቬል ነው የሠሩት፣ ፈረንሳይ አልፕስ ውስጥ ያለ የሀብታሞች የበረዶ መንሸራተቻ መንደር ነው፣ ሥራቸው ሆቴል ለሚያርፉ እንግዶች ሬስቶራንት መምረጥና ማስያዝ። የኔው ሥራ! የላይኛው መንደር 1850 እየተባለ ይጠራል፣ ላሊበላ ግን በሜትር ከዚያ በላይ እንደሆነች ስነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ።

የነገሩኝን አልረሳውም። በፌብሩዋሪ የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መንደሩ ይሞላል፣ ጠረጴዛ ከወራት በፊት ነው የሚያዘው፣ ካርድ ቁጥር ሳትሰጥ አይመዘግቡህም፣ ምሳ በሁለት ዙር ነው፣ የመጀመሪያው ዙር ሰው ካልተነሳ ሁለተኛው ቆሞ ይጠብቃል። ተራራው ላይ ያለ ምግብ ቤት ደግሞ በገመድ መኪና ነው የሚደረሰው፣ ገመዱ ከሰዓት በኋላ ሲቆም ለራት የወጣ ሰው በምን ይወርዳል የሚለውን አስቀድመህ ካልጨረስክ እንግዳህን በረዶ ላይ ጣልከው። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚያየው የመስኮቱን እይታ ነው አሉኝ፣ እሳቸው ግን ቀድመው የሚጠይቁት መመለሻውን ነው። ከዚያ ጣታቸውን ቫውቸሩ ላይ አድርገው «እዚህስ ከራት በኋላ በምን ነው የምንመለሰው? ነገ ማታስ ማን ነው የሚያበስለው?» አሉኝ።

እኔ ምን ልበላችሁ፣ ደስታዬ ወሰን አጣ። ከአዲስ አበባ አንድ ሰው እንኳን ያልጠየቀኝን ጥያቄ ላሊበላን አይተው የማያውቁ ሴትዮ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፣ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ሕዝቡ መንገዱን ስለሚሞላው መኪና አያልፍም፣ አብሳዮቹም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የእትዬንም ነገር ነገርኳቸው፣ በ11 ሰዓት፣ የጾም፣ በእግር። ራት ላይ ተነስተው ለሁሉም በፈረንሳይኛ ተናገሩ፣ ምን እንዳሉ ሙሉውን አልሰማሁም፣ ሁሉም ግን እጅ አወጡ። ለቢሮው «ክላየንቱ ቀይሯል» ብዬ ጻፍኩ፣ ሆቴሉንም ሄጄ ጠረጴዛውን ለቀቅንላችሁ አልኳቸው፣ አስተናጋጁ እጄን ይዞ ነው ያመሰገነኝ፣ ለምን እንደሆነ ማታ ገባኝ።

27 ማታ በ11 ሰዓት እትዬ በረንዳ ላይ ነበርን። ፀሐይዋ ምግቡ መሃል ላይ ገባች፣ በላዛኛው ሰዓት ሳይሆን በእንጀራው ሰዓት። ማሩ ሲቀርብ ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል። 1 ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ እንግዶቹ ወደ አልጋቸው ሄዱ፣ ሌሊት ቀሰቀስኳቸው፣ ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከላይ አፋፉ ላይና ከታች ግቢው ውስጥ ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ሰዎቹ ነቅተው፣ ሆዳቸው ሰላም ሆኖ ቆመው ነው ያዩት። እዚያ ሆቴል የገባ ሌላ ግሩፕ የሚመራ ጓደኛዬ ግን ሦስት ግሩፕ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታጉሮ፣ ሁለት ልጅ ብቻ እየተሯሯጠ፣ የመጨረሻው ሰው ሩዝ ብቻ አግኝቶ 4 ሰዓት ላይ እንደወጡ ነገረኝ።

አሁን የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ግሩፑ የላከው አስተያየት የዋዜማውን ራት ከጉዞው ሁሉ በላይ አድርጎ ጻፈው። ማናጀሩ ያንን የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈና «የሪዘርቬሽን ክፍላችን የመረጠው ሬስቶራንት» ብሎ አመሰገነ። ሪዘርቬሽን ክፍሉ! በዚያው ሳምንት ደግሞ የእትዬን ደረሰኝ «ያልተፈቀደ ለውጥ» ብለው መለሱት፣ ለሆቴሉ የከፈሉትን ቅድሚያ ግን አንድ ቃል አልተናገሩበትም። ለእኔ ምስጋናው ባይደርሰኝ ግድ የለኝም፣ የእሷ ገንዘብ ግን የእሷ ነው፣ የሽንኩርቱንም የዘይቱንም በዱቤ ነው የገዛችው። ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ ሴትዮዋም ከፈረንሳይ ጻፉላቸው፣ የካቲት ላይ ከፈሉ። ከዚያ ወዲያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያም ጦርነቱ፣ ከተማው ውስጥ የማውቃቸው ስንት ምግብ ቤቶች በራቸውን ዘጉ፣ እኔም ከዚያ ድርጅት ወጣሁ። እትዬ ግን አለች፣ እንግዳ በሌለ ጊዜ ለአገሩ ሰው ሽሮ እየሸጠች ነው የቆየችው።

ዘንድሮ ማናጀሩ ደወለልኝ። ሰላምታ በሰላምታ አደረገኝ፣ ቤተሰብ ጠየቀ፣ ከዚያ «ያቺ ሴትዮ ስልኳ ስንት ነው? ለገና ግሩፕ አለኝ» አለ።

«ስልኳን በስልክ አልሰጥህም ጋሼ» አልኩት፣ በቁጣ አይደለም፣ ከልቤ ነው። «የነቢያት ጾም ሳይገባ አንድ ቀን ና፣ ቁጭ ብለህ ብላ፣ ሲሠሩ እይ፣ ከዚያ ራሷ ትሰጥሃለች።»

ትንሽ አሰበና እመጣለሁ አለ። ለእትዬ ነገርኳት፣ ያኔ ገንዘቧን ያቆየባት ሰው እሱ መሆኑንም አልደበቅኳት። «ይምጣ» አለችኝ፣ «ግን ሲመጣ ከአንድ ቀን በፊት ይደውል በለው፣ ባቄላው ከማታ ነው የሚዘፈዘፈው።»