ላፕቶፕ ስቀይር ኢሜሌን እንዴት ይዤ እንደሄድኩ

አሮጌው ላፕቶፔ ማጠፊያው ተሰብሮ በፕላስተር ታስሮ ነበር የሚሠራው። ባለፈው ወር ሌላ ገዛሁ። ያሳሰበኝ ኢሜሌ ብቻ ነው። ሥራዬ ትርጉም ነው፤ ደንበኞቼ በሙሉ የሚያውቁኝ በዚያች አድራሻ ነው።

ሰፈር ያለውን የኮምፒዩተር ጥገና ልጅ ሳማክረው "አዲስ ክፈቺ፣ ይቀልሻል" አለኝ። እምቢ አልኩ። ደግሞም ደግ አደረግኩ። አድራሻው ኮምፒዩተሩ ውስጥ አይደለም የሚኖረው፣ የኢሜል አገልግሎት ሰጪው ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒዩተር) ላይ ነው። ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜል ፕሮግራም አዲሱ ላይ ጫንኩ፣ አድራሻዬንና የይለፍ ቃሌን አስገባሁ፣ አለቀ። ጀበናው እንኳ ገና አልፈላም።

ኢንቦክሱን ስከፍት ግን ክው አልኩ። ያለው የሁለት ሳምንት ደብዳቤ ብቻ! የስድስት ዓመቱ የለም። የላክኋቸውማ ጭራሽ አንድም የሉም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ያኔ አሮጌው ላይ አካውንቱን ስሞላ ፖፕ የሚለውን መርጬ ነበር። ፖፕ ደብዳቤውን አውርዶ ኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰርቨሩ ላይ የቀረውን በሴቲንጉ መሠረት ያጠፋዋል። የእኔ ሴቲንግ "14 ቀን" ይላል። የላክኋቸው ደግሞ መጀመሪያውኑ የተቀመጡት አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ነው። ሌላውን ምርጫ፣ አይማፕን፣ ወስጄ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሰርቨሩ ላይ ይቆየኝ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ አሮጌውን ገና አልሸጥኩትም።

ተንደርበርድ ሁሉንም ነገር ፕሮፋይል በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። አሮጌው ላይ፣ ሄልፕ ውስጥ ካለው የትራብልሹቲንግ ገጽ ላይ ከፈትኩት። ከዚያ ተንደርበርድን ዘጋሁና (ሳይዘጉ ኮፒ ማድረግ አደጋ አለው) ወደ ፍላሽ ልገለብጠው ስል "ፋይሉ ትልቅ ነው" ብሎ አሻፈረኝ አለ። ፍላሹ ባለ 32 ጊጋ ነው፣ ባዶ ማለት ይቻላል! ግማሽ ቀን ፍላሹን ስራገም ዋልኩ። ለካ ፎርማቱ ፋት32 ነው፤ ፋት32 ደግሞ 4 ጊጋ የሞላ ፋይል አይቀበልም። ኢንቦክስ የምትባለዋ አንዲት ፋይል ብቻዋን 5.3 ጊጋ ሆና ቁጭ ብላለች።

ፍላሹን ትልልቅ ፋይል ወደሚቀበለው ፎርማት፣ ወደ ኤክስፋት፣ መቀየር አንዱ መፍትሔ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ኢንቦክሱን ኮምፓክት አደረግኩት። ተንደርበርድ ላይ ዲሊት ያደረግነው ደብዳቤ ከዓይን ይሰወራል እንጂ ወዲያው ከፋይሉ አይወጣም። በቀኝ ክሊክ፣ ኮምፓክት፣ ትንሽ ጥበቃ፤ 5.3 የነበረው 2.1 ሆነ። ከሦስት ጊጋ በላይ የማስታወቂያ ግሳንግስ ተሸክሜ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ፕሮፋይሉን አዲሱ ላይ ካስገባሁ በኋላ ዋይፋይ አጥፍቼ ከፈትኩት፤ ፖፑ አዲስ ደብዳቤ መጎተት እንዳይጀምር ፈርቼ። ሁሉም አለ፣ የላክኋቸውም ጭምር። የፖፑን አውቶማቲክ ማውረጃ አጠፋሁና ያችኑ አድራሻ በአይማፕ ጨመርኩ። አሁን የድሮዎቹን በየዓመቱ እየመረጥኩ ወደ አይማፑ ፎልደር ኮፒ እያደረግኩ ነው። ሐሙስ ማታ መሀል ላይ መብራት ሄዶብኝ እንደገና ስለጀመርኩ አንዳንዱ ደብዳቤ ሁለት ሁለት ሆኗል።

እስካሁን የአራት ዓመቱ ሰርቨሩ ላይ ወጥቷል። ፍላሹን ግን ቶሎ ማጥፋት አለብኝ፤ ፕሮፋይሉ ውስጥ የይለፍ ቃሎቼም አሉ። አሮጌው ላፕቶፕ፣ ገዢ ቢመጣም፣ የቀረው ሁለት ዓመት እስኪያልቅ አይሸጥም።