የአየርላንድን ሙዚቃ ከሥሩ ጀምሮ ማዳመጥ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ለብዙ ጊዜ የሮክ አድማጭ ብቻ ሆኜ ከቆየሁ በኋላ የአየርላንድን ሙዚቃ በሥርዓት ማጥናት ጀምሬአለሁ። በዚሁ መንገድ ለመሄድ ለምታስቡ አድማጮች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፣ እየሰማሁ የያዝኩትን ማስታወሻ እንዲህ አቅርቤዋለሁ። የምከተለው ዘዴ አንድ ነው፤ አንድን ዘመናዊ ባንድ ወይም ድምፃዊ ባዳመጥኩ ቁጥር የቆየውን የአገሩን ዜማ ከጎኑ አድርጌ ሁለቱን አከታትዬ እሰማለሁ። በዚህ መንገድ ሮኩም ሆነ ፖፑ ከነባሩ ዜማ ምን ያህል እንደወሰደ፣ የትኛው ደግሞ ምንም እንዳልወሰደ በጆሮ መለየት ይቻላል። ከአንድ ቦታ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ ያደረግሁት ዘ ቺፍተንስን ነው። ይህን ቡድን በ1962 በደብሊን ያቋቋመው ፓዲ ሞሎኒ ኢሊን ፓይፕስ የተባለውን የአየርላንድ መሣሪያ ይጫወት ነበር። መሣሪያው በአፍ አይነፋም፤ ተጫዋቹ ተቀምጦ በክንዱ ሥር ያለውን ወናፍ በክርኑ እየተጫነ ከረጢቱን በአየር ይሞላል፣ በጣቶቹ ዜማውን ያወጣል፣ ከዜማው ሥር ደግሞ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ወፍራም ድምፅ አብሮት ይሄዳል። ዩኔስኮ የዚህን መሣሪያ አጨዋወት በ2017 ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። ያን ከሥር የሚዘልቅ ድምፅ ለይታችሁ እንድታውቁት አደራ እላለሁ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ በተሠሩ ሥራዎች ውስጥ ደግማችሁ ታገኙታላችሁና።

ቀጥሎ የጭፈራ ዜማዎቹን መለየት ያስፈልጋል። ሪል በአራት ምት ይሮጣል፣ ጂግ ደግሞ በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል። አብዛኞቹ ዜማዎች ስምንት ስምንት ባር (ምቱ የሚከፈልበት እኩል መለኪያ) ያላቸው ሁለት ክፍሎች አሏቸው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ስለሚደገም አንድ ሙሉ ዙር 32 ባር ይሆናል። ተጫዋቾቹ ሁለት ወይም ሦስት ዜማዎችን ያለ ዕረፍት ስለሚያያይዙ፣ ይህን መቁጠር የለመደ አድማጭ አንዱ ዜማ የት አልቆ ሌላው እንደተተካ ወዲያው ይሰማዋል። በቺክቺካ ያደገ ጆሮ ጂግን ለመቀበል አይቸገርም፤ ነገር ግን ምቱ በቁጥር ቢቀራረብም አጽንዖቱ የሚያርፍበት ቦታ የተለየ ነው።

በዚህ ደረጃ ከአንድ ቡድን በላይ ለመስማት ጊዜ የሌለው ሰው ቢጠይቀኝ የምመርጥለት ፕላንክስቲን ነው። ክሪስቲ ሙር፣ አንዲ አርቫይን፣ ዶናል ላኒ እና ሊያም ኦፍሊን በ1972 ያቋቋሙት ይህ ቡድን፣ ከግሪክ መጥቶ በ1960ዎቹ ወደ አየርላንድ ዜማ የገባውን ቡዙኪ የተባለ ባለ ረጅም አንገት የክር መሣሪያ ከማንዶሊን ጋር እያጠላለፈ ይጫወታል። የመጀመሪያው አልበማቸው መክፈቻ በሆነው ሥራ ውስጥ ሙር አንድ የቆየ ትረካ ዘፈን ይዘፍናል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ምቱ ሳይቆም የድሮ የአየርላንድ በገና (ሃርፕ) ዜማ ይተካና የኦፍሊን ፓይፕስ ይቀበለዋል። ያቺ መሸጋገሪያ ለእኔ የዚህ ሙዚቃ ሁሉ ቁልፍ ናት። ዘፈኑና የመሣሪያው ዜማ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች እንዳልሆኑ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ታሳያለችና።

ወደ ሮኩ ስገባ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ቲን ሊዚ ነው፤ የወሰደብኝም ስለሚገባው ነው። የቡድኑ መሪ ፊል ላይኖት አባቱ ከጋያና የመጣ፣ እርሱ ራሱ በደብሊን ክራምሊን ሰፈር ያደገ፣ ቤዝ ጊታር እየተጫወተ የሚዘፍንና ግጥሞቹን የሚጽፍ ሰው ነበር። ቡድኑ በ1972 ያወጣው «ዊስኪ ኢን ዘ ጃር»፣ የሕዝብ ዘፈን ተጫዋቾቹ ዘ ደብሊነርስ በባንጆ ታጅበው ሲጫወቱት የኖሩት ስለ አንድ ሽፍታ የሚተርክ የሕዝብ ዘፈን ነው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ፤ በደብሊነርስ ዘንድ የመጠጥ ቤት የጋራ መዝሙር የነበረው፣ በላይኖት ድምፅና በኤሪክ ቤል ጊታር የከዳችውን ሴት የሚያስታውስ የአንድ ብቸኛ ሰው ታሪክ ይሆናል። በ1979 ባወጡት «ብላክ ሮዝ» አልበም የመጨረሻ ዘፈን ላይ ደግሞ የቤልፋስቱ ጋሪ ሙር የታወቀ ሪል በኤሌክትሪክ ጊታር በፍጥነት ይጫወታል። ሪልን መቁጠር ከለመድኩ በኋላ ይህን ክፍል ስሰማው፣ ቀድሞ የጊታር ችሎታ ማሳያ ብቻ ሆኖ ይታየኝ የነበረው የጭፈራ ዜማ መሆኑ ግልጽ ሆነልኝ። ሆርስሊፕስም በ1973 «ዘ ቴይን» በተሰኘው አልበማቸው የቆየ የሰልፍ ዜማ ወስደው የሮክ ጊታር መሠረት አድርገውታል።

ሁሉም ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። በዶኒጎል ተወልዶ በኮርክ ያደገው ሮሪ ጋላገር ቀለሙ በተላላጠው ስትራቶካስተር ጊታሩ የሚጫወተው ከአሜሪካ ጥቁሮች የተማረውን ብሉዝ ነው። ቫን ሞሪሰን «አስትራል ዊክስ»ን በ1968 በኒው ዮርክ የቀረጸው ከጃዝ ተጫዋቾች ጋር ሲሆን፣ ከቺፍተንስ ጋር የጋራ አልበም ያወጣው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1988 ነው። ስለ ማይ ብለዲ ቫለንታይንም ሆነ ስለ ዌስትላይፍ የያዝኩት ማስታወሻ አጭር ነው፤ የመጀመሪያው የጊታር ድምፅን በራሱ መንገድ እንደ አዲስ የፈጠረ፣ ሁለተኛው በብሪታንያ የዘፈን ሽያጭ ሠንጠረዥ 14 ጊዜ አንደኛ የወጣ ቢሆንም ለያዝኩት ጥያቄ ብዙ የሚጨምሩት ነገር አላገኘሁባቸውም።

ጥናቱ ከሁሉ በላይ የሠመረልኝ በድምፅ አወጣጥ ረገድ ነው። ሻን ኖስ የሚባለው ነባር የአዘፋፈን ስልት ያለ አጃቢ መሣሪያ፣ በአንድ ሰው ድምፅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአይሪሽ ቋንቋ የሚዜም ነው። ጥብቅ ምት የለውም፤ ዘፋኙ የግጥሙን አካሄድ እየተከተለ አንዱን ክፍለ ቃል በብዙ ድምፆች ያስጌጠዋል። በምዕራብ አየርላንድ ያለው የኮነማራ አካባቢ ዘፋኞች ጌጡን ያበዙታል፣ የዶኒጎሎቹ ቀለል ያደርጉታል። የኮነማራው ጆ ሂኒ የተቀረጸባቸውን ዘፈኖች ደጋግሜ ከሰማሁ በኋላ ወደ ሺኔድ ኦኮነር ስመለስ አዘፋፈኗን በአዲስ ጆሮ ነበር የሰማሁት። በ1990ው አልበሟ ውስጥ በውዱ መቃብር ላይ ተኝቶ የሚያለቅስን ሰው የሚገልጽ ጥንታዊ የአይሪሽ ግጥም በእንግሊዝኛ ትርጉም ታዜማለች፤ ከሥሩ የሚመታው ከጄምስ ብራውን ቅጂ የተወሰደ ከበሮ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የስቲቭ ዊክሃም ቫዮሊን ገብቶ ወደ ጭፈራ ዜማ ይወስደዋል። በ1983 በዩቱ «ሰንደይ ብለዲ ሰንደይ» ላይ ቫዮሊን የተጫወተውም ይኸው ሰው ነው። ሺኔድን በአንድ ዘፈንና በ1992 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በቀደደችው የሮማ ጳጳስ ፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ሥራ እንዲሰሙት አጥብቄ እመክራለሁ። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የአየርላንድ ድምፃውያን አሮጌውንና አዲሱን ሳይጎዳ ያዋሐደ እንደ እርሷ ያለ የለም።

የክራንቤሪስ ዘፋኝ ዶሎረስ ኦሪዮርደንም ድምፅ በድንገት ሲሰበርና ሲነሣ፣ ሙሾ የሰማ ኢትዮጵያዊ ጆሮ አይስተውም። በ1994 የወጣው «ዞምቢ» በቀደመው ዓመት በእንግሊዝ ዋሪንግተን ከተማ በፈነዱ ቦምቦች ስለሞቱ ሁለት ልጆች የተጻፈ ስለሆነ፣ ያ የድምፅ ስብራት በቦታው ነው። ኤንያ በተቃራኒው ጌጡን ትታ ድምፁን ታበዛለች፤ ከቤተሰቧ ባንድ ከክላናድ በ1982 ከወጣች በኋላ፣ መዘምራን የሚመስለውን ሁሉ የራሷን ድምፅ ደራርባ በመቅረጽ ሠርታዋለች።

ከእኛ አገር ጋር ያለው ግንኙነት በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የተፈጠረ ነው። ቦብ ጌልዶፍን አብዛኞቻችን የምናውቀው በዚያን ጊዜ ባሰባሰበው ዕርዳታና በሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ በተካሄደው ኮንሰርት ብቻ ነው፤ ባንዱ ዘ ቡምታውን ራትስ በ1978 በብሪታንያ አንደኛ መውጣቱን የሚያነሣ ጥቂት ነው። የዚያ ዘመቻ ዘፈኖች የአገራችንን ስም ከረሃብ ጋር ብቻ ማቆራኘታቸው ቅር ያሰኘኛል፤ የተሰጠውን ዕርዳታ ግን አልዘነጋም። የዩቱው ቦኖ ከኮንሰርቱ በኋላ ከባለቤቱ ጋር ወደ ወሎ መጥቶ በአጅባር የዕርዳታ ጣቢያ በበጎ ፈቃድ አገልግሏል፤ የባንዱ አልበም «ዘ ጆሹዋ ትሪ» የሚከፈትበት ዘፈን ግጥም መነሻም ያ ቆይታ ነው። ዘፈኑን ይህን አውቆ መስማት ሌላ ክብደት ይሰጠዋል።

አሁን የምገኘው በዚህ ዘመን ቡድኖች ላይ ነው። ፎንቴንስ ዲሲ የደብሊንን አነጋገር ሳይለሰልሱ ወደ ሮክ አስገብተዋል፣ ኒካፕ በቤልፋስት በአይሪሽ ቋንቋ ራፕ ያደርጋሉ። ከሁሉም የያዘኝ ግን ላንከም ነው፤ በ2023 ባወጡት አልበም ያን ከፓይፕስ ሥር የሚዘልቅ ወፍራም ድምፅ በሃርሞኒየምና በኮንሰርቲና እያወፈሩ፣ የቆዩ የሕዝብ ዘፈኖችን እጅግ ከባድ የሮክ ባንድ በሚያሰማው ኃይል ያቀርቧቸዋል። ይህን ስጨርስ ወደ ክሌር አውራጃ የቫዮሊን ተጫዋቾች፣ በተለይ ወደ ማርቲን ሄይስ ለመሄድ አስቤአለሁ፤ እርሱ ሪሎችን እጅግ ቀስ አድርጎ ስለሚጀምር እያንዳንዱን ጌጥ ለይቶ ለመስማት ይመቻል። ማሲንቆ ወይም ቫዮሊን የምትጫወቱ ካላችሁ፣ በቀስት የሚወጡትንና በጣት የሚወጡትን ጌጦች እንዴት እንደምትለዩአቸው ብትጽፉልኝ ለዚህ ምዕራፍ እጅግ ይረዳኛል።